በሞቴ ባይ የሌለበት ድግስ

ቂሊንጦ፣ ከፋብሪካዎቹ በር ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ ሸራ ወጥረው ለፈረቃ ሠራተኛ ምሳ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። በዚያ ያለፈ ሁሉ ያውቃቸዋል። አስካለች ከነሱ አንዷ ናት፤ አንዷ ናት ልበል እንጂ አለቃቸው ናት። የሾማት ሰው የለም፣ ድምጿ ነው የሾማት። ሰርቪስ ቆሞ ልጆቹ ሲወርዱ የድስቷን ክዳን ከፍታ አንድ ጊዜ ከተጣራች ሌላ ማስታወቂያ ምን ያደርጋል።

የዚያው አገር ልጅ ናት። አባቷ ጤፍና ሽንብራ ይዘራበት በነበረው ጥቁር አፈር ላይ ዛሬ ልብስ የሚሰፋበት አዳራሽ ቆሟል። መሬቱ ሄደ፤ ካሳውም እንደመጣ ሄደ። ባሏ ሮሪሳ በልጅነቱ ከብት ይጠብቅበት በነበረው ቦታ አሁን የፋብሪካ በር ይጠብቃል። እሱ ይህን እያወራ ይስቃል። እሷ አትስቅም፣ ግን አትከለክለውም።

ባልደረባዋ ዘኪያ ናት፤ ከስልጤ ለትዳር መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ቀጭን፣ ምላሷ ሚጥሚጣ የሆነ ሴት። ሁለቱ የሚሠሩት በአንድ ድስት ነው። ድስታቸው ውስጥ ሥጋ ገብቶ አያውቅም። ሥጋ ከገባ የእስላም ነው፣ የክርስቲያን ነው የሚል ጣጣ ይመጣል፤ ሽሮና ምስር ግን ሃይማኖት የላቸውም ትላለች ዘኪያ። ሌሎቹም ሴቶች የየራሳቸው ምድጃ አላቸው፣ ሸራው ግን የጋራ ነው።

አስካለችን ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ይበቃል፦ በዚህች ሴት ፊት «ይበቃኛል» ማለት ዋጋ የለውም። ልጁ ሰሃኑን በእጁ ይሸፍናል፣ እሷ እጁን ገለል አድርጋ ትጨምርበታለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? የእሷም ጭልፋ አንድ ጊዜ ብቻ ወርዶ አያውቅም። በዚህ ምክንያት ብዙ አናተርፍም ብላ ዘኪያ ትቆጣለች፤ አስካለች ደግሞ አንድ ጊዜ እምቢ ያለ ሰው ገና መልሱን አልሰጠም ብላ ታምናለች።

ይህ ከእናቷ የወረሰችው ነው። እናቷ ልጆቿን ሰው ቤት ስትልክ አስቀድማ ትመክራቸው ነበር። ምግብ ሲቀርብላችሁ «በልተናል» ትላላችሁ። ቢርባችሁም ትላላችሁ። የቤቱ እመቤት «ኧረ በሞቴ» ስትል «አይ፣ ጠግበናል» ትላላችሁ። «አፈር ስሆን» ካለች ግን ቅረቡ፤ ከዚያ በላይ እምቢ ማለት ቤቱን መናቅ ነው። ቶሎ እጁን የሚዘረጋ ልጅ እናቱን ያሰድባል። አስካለች ይህን ምክር ጡት እንደ መጥባት ተማረችው፤ ሃምሳ ዓመት ሲጠጋትም አልለቀቃትም። እኔ ራሴ ልውቀሳት ብል ማን ነኝ? ሳይግደረደር ያደገ ማን አለ?

የሴቶቹ ጭንቀት ክረምት ነው። ባለፈው ሐምሌ ነፋሱ ሸራውን ገንጥሎ ድስቱ ላይ ጣለው፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ደረሰ፤ ሠራተኛው ቆሞ የሚበላበት አጥቶ ቀረ። ሁለት ወር ሙሉ ምድጃ አልነደደም። ከመሃላቸው አንዷ ሥራውን ትታ ሰው ቤት ተቀጠረች፣ ሌላዋ ወደ ገጠር ተመለሰች። ዘንድሮም እንደዚያ ከሆነ ማኅበራቸው ይበተናል፤ ይህን ሁሉም ያውቃሉ፣ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም። የሚያስፈልጋቸው ብዙ አይደለም፦ በምሰሶ ላይ የቆመ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ሥር አንድ የውሃ ቧንቧ። ወረዳው ቦታውን ፈቅዶላቸዋል፤ የጠፋው የሚሠራላቸው ነው።

እዚህ ላይ ሌንሳ ትመጣለች። ሌንሳ በእርዳታ ድርጅት የምትሠራ ወጣት ናት፤ ካቻምና ድስትና ምድጃ ያስገዛችላቸው፣ ሥልጠና የሰጠቻቸው እሷ ናት። ሁልጊዜ ትቸኩላለች፣ ስልኳ ይጮኻል፣ ግን ልቧ ንጹሕ ነው። ግንቦት ላይ መጥታ ድርጅቱ ትልቅ ጉባኤ እንደሚያደርግ፣ ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች ሁሉ እንደሚመጡ፣ ቀጣዩ ሥራ የት እንደሚሆን የሚወሰነው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ነገረቻቸው። አስካለች መድረክ ላይ ትወጣለች። ሌንሳ ራሷ ትጠይቃታለች። በመጨረሻ ምን እንደጎደላቸው ስትጠይቃት የጣሪያውንና የቧንቧውን ነገር ትናገራለች። በቃ፤ ከዚህ የቀለለ ነገር አለ?

የሴቶቹን ደስታ ብታዩ ሙሽራ የሚድሩ ነበር የሚመስለው። አስካለች ለጥምቀት ብቻ የምትለብሰውን ቀሚስ አወጣች፤ ዘኪያ ለዒድ የምትለብሰውን ሻርፕ አመጣችላት። ጫማ የተዋሰችው ከጎረቤት ነው፣ ትንሽ ይጠብባታል። በጉባኤው ቀን ጠዋት ቁርስ ልትቀምስ ስትል ዘኪያ ሰሃኑን ከፊቷ አነሳችው። ሆቴል ለሚሄድ ሰው ሆድን በሽሮ መሙላት ምን የሚሉት እብደት ነው አለቻት። ሴቶቹም ትክክል ነው አሉ። ሸኝተዋት ታክሲ ስትገባ ዘኪያ በመስኮት አንገቷን አስገብታ የመጨረሻውን አደራ ሰጠቻት።

«ዓይንሽን በጨው ታጠቢና ጠይቂ። ጣሪያና ቧንቧ። ጣሪያና ቧንቧ፣ ሰማሽ?»

ቃሊቲ ደርሳ ሌላ ታክሲ ስትቀይር፣ ሳሪስን ስታልፍ፣ አስካለች በሆዷ ጣሪያና ቧንቧ ትል ነበር።

ጉባኤው የተዘጋጀው መሃል ከተማ፣ ስሙን ስትጠራው ምላሷ በሚተሳሰርበት ትልቅ ሆቴል ነው። ከበሩ ገባ እንዳለች ያስቆማት ወንበሩም መብራቱም አልነበረም፤ ውሃ ነው ያስቆማት። ቤት ውስጥ፣ ከግድግዳው ላይ ውሃ ይወርዳል። ማንም አይቀዳበትም፣ ማንም አይታጠብበትም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል። ጥበቃውን ጠጋ ብላ ይህ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው ብላ ጠየቀችው። የትም አይሄድም እናቴ፣ ተመልሶ ይወጣል አላት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አለች በሆዷ። እነሱ ጄሪካን በጀርባቸው አዝለው አስፋልቱን ተሻግረው ነው የሚቀዱት። ያን ቀን ያንን ውሃ ስታየው ቅናት አልያዛትም፤ ብቻ ሊነኩት ይፈቀድ እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ነበር፣ አፍራ ተወችው።

ሌንሳ ከሩቅ አይታት እየሮጠች መጥታ አቀፈቻት፤ ደረቷ ላይ ስሟ የተጻፈበት ካርድ አንጠለጠለችላትና ተመልሳ ሮጠች። አዳራሹ ይበርዳል። ወንበሩ ሲቀመጡበት ወደ ውስጥ ይውጣል። ተናጋሪዎቹ ተራ በተራ እየወጡ ስለ ድህነት ተናገሩ፦ ከየት እንደሚመጣ፣ በምን እንደሚለካ፣ በስንት ዓመት ሊቀንስ እንደሚችል። አንዳንዱ ገባት፣ አንዳንዱ አለፋት። መሃል ላይ የእሷ ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶ ብቅ አለ፤ ጭልፋ ይዛ ትስቃለች። ሰዉ ሁሉ ፎቶውን ሲያይ እሷ ያየችው ሻሿን ነው። ምነው ያን ቀን ሻሽ በቀየርኩ ብላ ተቃጠለች።

የሻይ ሰዓት ሆነ። ነጭ ጓንት ያጠለቀ አስተናጋጅ ኬክ የሞላበት ትሪ ይዞ ከፊቷ ቆመና ጎንበስ አለ። ርቧታል፤ ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሳችው። ግን የእናቷ ልጅ ናትና «አይ፣ ይቅርብኝ ልጄ» አለች። አስተናጋጁም ጎንበስ ብሎ አመስግኖ አለፈ። አለፈ! ትሪውን በዓይኗ እስከ ጥጉ ድረስ ሸኘችው። ተመልሶ ይመጣል ብላ ጠበቀች፣ አልተመለሰም። ቸኩሎ ይሆናል፣ ሰው በዝቶበታል አለች። ክፉ ማሰብ አትወድም።

ምሳ ላይ ደግሞ ቡፌ ተዘረጋ። ቡፌ አታውቅም እንዳትሉኝ፤ ስንት ሠርግ ላይ ሰሃን ይዛ ተሰልፋለች። ነገር ግን ሠርግ ላይ ደጋሽ አለ። የሙሽራዋ እናት በየጠረጴዛው እየዞረች «ምነው ዝም አላችሁ፣ ተነሱ እንጂ፣ ጨምሩ እንጂ» ትላለች፤ ሰው የሚነሳው ያኔ ነው። እዚህ አስካለች ደጋሹን ፈለገች። ድግስ ካለ መቼም ደጋሽ አለ። አንዱ ከአንዱ ይበልጥ የለበሰ ሰው ሁሉ ሰሃን እያነሳ ይሰለፋል፤ ማን ማንን እንደጋበዘ አይታወቅም። ቤቱ የማን ነው? ሳይጠሯት ተነስታ ሄዳ ብታነሳ ምን ይሏታል? ተርባ መጣች አይሏትም? የፎቶዋ ነገር አይበቃም?

ስለዚህ ተቀመጠች። በጠረጴዛው ላይ አብረዋት የተቀመጡት አቶ ፀሐዩ የሚባሉ፣ ጠዋት ስለ ረሃብ አለካክ ጥናት ያቀረቡ፣ ትሑት ሽማግሌ ነበሩ። ሰሃናቸውን ሞልተው መጥተው ሲቀመጡ አይተው ዝም አላሏትም፤ አይመገቡም እንዴ ብለው ጠየቋት። አንድ ተስፋ አገኘች። «በልቼ ነው የመጣሁት» አለቻቸው።

«እሺ» አሏትና ዶሯቸውን መቁረጥ ጀመሩ።

እሺ ይባላል? በእግዜር፣ እሺ ይባላል? «በልቼ ነው የመጣሁት» ለሚል ሰው እሺ የሚል ሰው አስካለች በሕይወቷ አጋጥሟት አያውቅም። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና አርብ እንኳ አይፆምም፤ ፆም ላይ ነኝ ብላ ለራሷ ሰበብ ማበጀት አልቻለችም። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የልጆቻቸውን ፎቶ ከስልካቸው አውጥተው አሳይተዋታል፣ ውሃም ቀድተውላታል። ውሃውን ጠጣች። እንደገናም ቀዱላት፣ ጠጣች። ሌንሳ በአዳራሹ ማዶ እንግዳ ስታስተናግድ፣ ስልክ ስታወራ፣ ወረቀት ስታሰባስብ ታያታለች፤ እሷም አንድ ጊዜ ከሩቅ እጇን አውለበለበችላት። ሰዓቱ አለቀና አስተናጋጆቹ ምግቡን እያነሱ ወሰዱት። ከዚያ ሁሉ ምግብ አንድ ቁራሽ ዳቦ እንኳ ሳትቀምስ ወደ አዳራሹ ተመለሰች።

ከምሳ በኋላ ተራዋ ደረሰ። መድረኩ ላይ ወጥታ ከሌንሳ ጎን ተቀመጠች፤ ማይክ ሰጧት። መጀመሪያ ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ ኋላ ግን ሜዳዋ ላይ ያለች መሰላትና ተመለሰላት። ድሮ እንዴት እንደነበሩ ተጠየቀች፣ ተናገረች። ዘኪያ ስለ ሽሮና ስለ ሃይማኖት የምትለውን ስትነግራቸው አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። ሌንሳ ፊቷ በራ። ከፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ሰዓት እያለቀ መሆኑን የሚያሳይ ቀይ ወረቀት አነሳ፤ ሌንሳ አየችውና ወደ አስካለች ዞረች። የተማከሩበት ጥያቄ መጣ።

«እትዬ አስካለች፣ በመጨረሻ፣ እርስዎና ባልደረቦችዎ አሁን የጎደላችሁ ነገር አለ?»

እንግዲህ ፍረዱ። ባዶ ሆድ አለ፣ ብርድ አለ፣ የሚጠብብ ጫማ አለ። ፊት ለፊቷ የማታውቀው፣ የለበሰ፣ የተከበረ ሰው ተደርድሯል። በእንግዳ ፊት፣ በሰው ቤት፣ ምን ጎደለሽ ተብላ ተጠየቀች። የእናቷ ምክር ጣሪያንና ቧንቧን ቀደማቸው።

«ኧረ ምንም አልጎደለብንም፣ ተመስገን ነው» አለች። «እናንተም ብዙ ደክማችኋል፤ እግዜር ይስጥልን።»

ብላ ቆመች። አልጨረሰችም እኮ! ሌንሳ «ኧረ በሞቴ ይንገሩኝ» እንድትላት ነው የቆመችው። አንድ ጊዜ እምቢ ያለ ሰው መቼ መለሰ? ሌንሳም አፏን ልትከፍት ነበር፤ ያን አስካለች በዓይኗ አይታለች። ግን ሰዉ አጨበጨበ። ከፊት የተቀመጡት ፈረንጆች በጆሯቸው የተተረጎመላቸውን ሰምተው ቆመው አጨበጨቡ። መርሐ ግብር መሪው ማይኩን ከእጇ ተቀበላትና ቀጣዮቹን ጠራ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ሮጦ ይመልሰው?

መዝጊያው ላይ የድርጅቱ ኃላፊ ተናገሩ። የቂሊንጦ እናቶች ምንም አልጎደለብንም ብለውናል አሉ፤ ራሳቸውን ችለዋል፣ እንግዲህ ድጋፋችን ገና ያልደረስንላቸው ዘንድ መሄድ አለበት አሉ። ይኸ እንኳ ጥሩ አማርኛ ስለሆነ ሁሉንም ሰማችው። እንደገና ተጨበጨበ። ጭብጨባው ለእሷ ነበር፤ ሰዎች ዞረው እያዩ ፈገግ ይሉላታል፣ እሷም ፈገግ ትላለች። ልቧ ግን ክው ብሏል። ስትወጣ ሌንሳ ከእንግዶች መሃል ሆና በዓይኗ ፈለገቻት፤ ልትጠጋት ስትል አንዱ ክንዷን ያዛት፣ ሌላው ጠራት። አስካለች አላስቸገረቻትም።

ታክሲ ይዛ ወደ ቃሊቲ ተመለሰች። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ትሰማ ነበር። ደጃዝማችነቱ ይቅርባት፤ የቀረባት ጣሪያ ነው። ለዘኪያ ምን ብላ ነው የምትነግራት? የጠፋው የራሷ ቀለበት፣ የራሷ ገንዘብ ቢሆን ይሻል ነበር፤ የሰው አደራ ነው የጣለችው። ሌንሳ አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው የጠየቀችኝ አለች በሆዷ፣ ደጋግማ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሴቶቹ ዕቃቸውን አጥበው እየጠበቋት ነበር። ገና ከታክሲ ስትወርድ ከበቧት። ሆቴሉ እንዴት ነው፣ ምን ቀረበ፣ ምን በላሽ ተባለች። ምን ያልቀረበ አለ አለቻቸው፣ እውነቷን ነው። ዘኪያ ግን ፊቷን ታያለች። ከዚያ የተረፈውን ምስር በሰሃን አድርጋ ከፊቷ አስቀመጠች። ሴቶቹ ሳቁባት፤ ከዚያ ሁሉ ዶሮ በኋላ ምስር ታቀርቢላታለሽ እንዴ አሏት።

«በልቻለሁ» አለች አስካለች።

«ከንፈርሽ ደርቋል» አለች ዘኪያ። «ብዪ፣ በሞቴ።»

«ጠግቤያለሁ፣ ዘኪያ።»

«አፈር ስሆን!»

አስካለች እጇን ሰደደች። ሁለት ጊዜ እንደጎረሰች እንባዋ መጣ፤ ሦስተኛውን እያለቀሰች ጎረሰች። ሴቶቹ መሳቃቸውን አቆሙ። ሰሃኑን ጠርጋ ከበላች በኋላ ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ትሪውን፣ «እሺ» ያሏትን ሽማግሌ፣ በመጨረሻም የመለሰችውን መልስ። ከመሃላቸው አንዷ ተነስታ ዕቃዋን አንስታ ሳትሰናበት ሄደች፤ አይፈረድባትም። አስካለች ዘኪያን ብቻ ነበር የምታየው። ከዘኪያ ምላስ የሚመጣውን ለመቀበል አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

ዘኪያ ባዶውን ሰሃን አነሳች። «እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው» አለች በመጨረሻ። «የከፋኝ እሱ ነው።»

ሌንሳ የመጣችው ሰኔ ሲገባ ነው። ስልኳን ይዛ ነበር፤ ድርጅቱ ሥራውን በሰላም ጨርሶ መውጣቱን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ቅረጺ ብለው ልከዋት ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሸራው ይርገበገባል። ፈገግ ለማለት ትሞክራለች፣ አልሆነላትም። አስካለችም ሆነች ዘኪያ ስለ ጉባኤው አንድ ነገር አላነሱባትም። የምትቀመጥበት ዱካ አቀረቡላት፣ ሽሮ ቀረበ።

«አመሰግናለሁ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» አለች ሌንሳ።

አስካለች አየቻት። የዚህችን ልጅ ዓይን አወቀችው፤ ጠዋት ተነስቶ እስከ ስምንት ሰዓት የሮጠ ሰው ዓይን ነው። «በሞቴ» አለቻት። አይ፣ በእውነት ጠግቤያለሁ አለች ሌንሳ። «አፈር ስሆን!» ሲመጣ እጇን ታጠበችና ቀረበች። እንዴት እንደበላች ባይወራ ይሻላል። እንጀራ ተጨመረላት፣ ሽሮ ተጨመረላት፣ ዘኪያም አጎረሰቻት፤ አንድ ያጣላል ብላ ደገመቻት። ዝናቡ ያኔ ጣለ። ሸራው ላይ ውሃ አቆረ፣ ከዚያ በቀዳዳው እየተንጠባጠበ የሌንሳ ሰሃን ዳር ላይ ወረደ። አስካለች ሰሃኑን ሳብ አድርጋ ደረቅ ወዳለበት አዞረችላት።

«ሌንሳዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንቺ አሁን ስንት ጊዜ በልቻለሁ አልሽ?»

ሌንሳ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። አስካለች አልተቆጣችም፤ ልጇን እንደምትመክር ነው የተናገረችው። ሁለት ጊዜ እምቢ ብትዪም ደግመን ጠየቅንሽ አለቻት፤ ያን ቀን አንቺ አንድ ጊዜ ነው የጠየቅሽኝ። ሌንሳም የሰው ልጅ ናት፤ እሷም የምትግደረደር እናት አሳድጋታለች። ገባት። የገባት ከመጀመሪያው ነበር፣ ከመድረኩ ላይ ጀምሮ፤ ቀይዋ ወረቀት ነች የቀደመቻት። ጉርሻውን መለሰችና ስልኳን አንስታ አዘጋጀች። ድምጿ ተለውጧል።

«እትዬ አስካለች፣ በሞቴ፣ ምን ጎደላችሁ?»

አሁንም እኮ «ተመስገን» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ዘኪያ ከጎን ጭኗን ቆነጠጠቻት።

«ጣሪያ ጎደለን» አለች አስካለች። «ጣሪያና ቧንቧ። ክረምቱ ገባ፣ ልጄ። ያን ቀን ደግሞ ሆቴላችሁ ውስጥ ርቦኝ ነበር የዋልኩት።»

ሌንሳ ቪዲዮውን አላቆመችም። እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ገንዘቡ ወደ ሌላ ስለተመደበ ቃል መግባት እንደማትችል፣ ግን ይህንን ቪዲዮ ሳትቆርጥ ለአለቆቿ እንደምታሳይ ነገረቻቸው። ደግሞ እኔም ያን ቀን ምሳ አልበላሁም አለች፤ ማንም ብዪ ያለኝ አልነበረም።

ነገሩ ቶሎ አልሆነም። ሐምሌን በጭቃው ውስጥ አሳለፉት፤ ሸራው ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ሁለት ጊዜ አነሱት። ሳትሰናበት የሄደችው ሴት ግን ተመልሳ መጥታ የሸራውን ጫፍ ይዛ ቆመች። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ብረትና ቆርቆሮ የጫነ መኪና መጣ። ገንዘቡ ከሌላ ሥራ የተረፈ ነው፣ ለጣሪያ ብቻ ነው የሚበቃው ተባሉ። ጣሪያው ሲቆም ዝናቡ ላዩ ላይ ሲጮህ ሴቶቹ ሥሩ ቆመው እርስ በርስ አይደማመጡም ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድስታቸውን ሳይሸፍኑ ዝናብ አዩ። ዘኪያ ወጥታ ዝናቡ ውስጥ ቆማ ተመልሳ ገባች፣ ልዩነቱን ለማወቅ ነው አለች።

ለምርቃቱ የድርጅቱ ኃላፊ ራሳቸው መጡ፣ ሌንሳ ከኋላቸው። አጭር ንግግር አደረጉ፤ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ፣ ደስ አላቸው። ከዚያ ወደ አስካለች ዞሩና በትሕትና፣ እንግዲህ እናቴ፣ የቀረ፣ የጎደለ ነገር ካለ ብለው ጀመሩ።

«ውሃ» አለች አስካለች።

ሰውየው ጥያቄያቸውን ገና አልጨረሱም ነበር። ደነገጡ፤ ሌንሳ ፊቷን አዞረች፣ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። አስካለች ራሷም ደነገጠች፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እናቷ ብትኖር ምን ትላት ነበር? እፍረቷን የምትሸፍንበት አጥታ ወደ ድስቷ ሄደች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ሰሃን ሞልታ ለኃላፊው በሁለት እጇ አቀረበች። እሳቸው ደግሞ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በልቼ ነው የመጣሁት አሉ።

ማን ሊያምናቸው።